የፈረሱ ቃጭልና የማጀቱ ምንቸት



የገንዳ ውሃና የአካባቢዋ ምእመናን፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ መስተንግዶ ነው። ታቦት ሲወጣና ሲገባ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝክር ሲደርስ ፈረሰኛ ይሰበሰባል፤ ጉግሱ ይደምቃል፤ ሜዳው በእልልታ ይሞላል። በዚያ ሜዳ ዳር ለቆመው ሕዝብ፣ ላብ ላጠመቀው ጋላቢ፣ ልጓም ይዞ ለሚጠብቀው ልጅ ምን እናቀርባለን? ከየት የመጣውን? በምን ዕቃ? ጥያቄው ለማጀት የሚተው ይመስላል። ነገር ግን ስለ ፈረስና ስለ ምንቸት በአንድነት የሚናገር የመጽሐፍ ቃል አለና ከእርሱ እንጀምር።

ትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 14 ቁጥር 20 እና 21 ነው። ነቢዩ ስለ ጌታ ቀን ሲናገር፣ የፈረሶች ቃጭል ላይ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት እንደሚገኝ ይነግረናል። ይህ ጽሕፈት ቀድሞ የት እንደነበር አስታውሱ። በኦሪት ዘጸአት 28፥36 በወርቅ ተቀርጾ በሊቀ ካህናቱ መጠምጠሚያ ላይ፣ በግንባሩ ፊት ነበር። ነቢዩ በዚህ አላበቃም። በእግዚአብሔር ቤት ያለው ምንቸት በመሠዊያው ፊት እንዳለው ንዋየ ቅድሳት ይሆናል፤ በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ቤት ሁሉ ያለው ተራ ምንቸትም ይቀደሳል ይላል። ቅድስናው ከካህኑ ግንባር ወርዶ የፈረሱ አንገት ላይ ደረሰ፤ ከዚያም ማጀት ገባ።

ይህን የሰማ ምእመን በዓሉን ለሁለት ከፍሎ ሊያይ አይችልም። ብዙዎቻችን ታቦቱ መንበሩ እስኪገባ ያለውን ሰዓት የእግዚአብሔር፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ያለውን ደግሞ የእኛ አድርገን እንቆጥራለን። ጠዋት ቅዳሴ ሲያስቀድስ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሞቅ ብሎት ፈረስ ላይ ይወጣል። ቤቱ ጸበል ጻዲቁን በጸሎት አስባርኮ የቀመሰ ቤተሰብ፣ ለፈረሰኞቹ ግን ከሱቅ ብስኩትና ስኳር የበዛበት መጠጥ በፌስታል ሸክፎ ይመጣል። እንዲህ ያለው ክፍፍል በነቢዩ ቃል ውስጥ ቦታ የለውም።

ምንቸት የሚቀደሰው በምንድን ነው? ጸሎት ሲደገምበት ነው ያለ ሰው እውነቱን ተናገረ፣ ግን አልጨረሰውም። በውስጡ ያለው እህል የማን ላብ እንደፈሰሰበትና ደመወዙ ተከፍሎ እንደሆነ፣ እሳቱ የትኛውን ዛፍ እንደበላ፣ የቀመሰው ሰው በርትቶ ወይም ታሞ እንደሄደ፣ ከማዕዱ ዳር ማን እንደቀረ፣ ይህ ሁሉ የቅድስናው ጉዳይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ 10፥31 መብላትና መጠጣትን ሳይቀር ለእግዚአብሔር ክብር አድርጉት ብሎ ያዘዘው፣ መብል ከሃይማኖት ውጭ የሚውል ነገር ስላልሆነ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ይህ ምድር የፈረስ ስም የሚታወስበት ምድር ነው። ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ያለችው ቋራ የአባ ታጠቅ ካሳ፣ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ናት። አባ በዝብዝ የተባሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቆሰሉ፤ ከዚያ ቁስልም አልተነሡም። ያን ቀን በባሕረ ሐሳብ የመረመረ ሰው ጦርነቱ በዐቢይ ጾም፣ በቅድስት ሳምንት እንደዋለ ያገኘዋል። የዚያ ዘመን ዘማች ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር። እሳት ሳይነድ የሚበላ፣ ከኮርቻ ሳይወርዱ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄድ፣ በጾም የማይከለከል፣ በመንገድ የማይበላሽ ነው። አባቶቻችን ለዘመቻ ያዘጋጁት ይህ ስንቅ ለሰላማዊው ሜዳችንም ይበቃል፤ ከሱቅ የሚያስፈልገን ነገር ጥቂት ነው።

ፈረስ ውለታ እንዳለው ማሰብን ከአዊ ወገኖቻችን እንማር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። ማኅበሩ የሚዘክረው ዓድዋ የዘመቱ አርበኞችን ብቻ አይደለም፤ ተሸክመዋቸው የሄዱትን ፈረሶችም ነው። እንስሳን በውለታው ማሰብ በእኔ ዘንድ ትልቅ ሃይማኖታዊ ቁም ነገር ነው። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 አስተምሮናልና።

እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ግን ከእንጅባራ ይለያል። ደጋው የፈረስ አገር ነው፤ ቆላው አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች በሆነው በዚህ ሜዳ ግመልና አህያ ይበረክታሉ፤ ፈረስ ግን ሙቀቱ ያደክመዋል፤ ዝንቡ ያሠቃየዋል፤ ከትንኝ ባነሱ ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም ይገድለዋል። እነዚህ ነፍሳት በብዛት የሚናከሱት ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ለበዓል የመጣ ፈረስ ከረግረግና ከኩሬ ርቆ ይደር። በገንዳ ውሃ ጉግስ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት እንግዳ አለው ማለት ነው፤ ጋላቢውና ፈረሱ። ሁለቱም የቆላን ፀሐይ አልለመዱም።

እዚህ ላይ ርብቃን እናንሣ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን ቤታችሁ ስትገቡ ደግማችሁ አንብቡት። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሲሄድ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ምልክት ለመነ። የለመነው ምልክት መልክ ወይም ጥሎሽ አልነበረም። ለእኔ ውኃ ስጪኝ ስላት ግመሎችህንም አጠጣለሁ የምትል ልጅ እርሷ ትሁን አለ። ርብቃም ያንኑ አደረገች። ግመሎቹ አሥር ነበሩ። እኛ ቆለኞች ግመል እናውቃለን፤ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። ያች ልጅ እንስራዋን ይዛ ስንት ጊዜ ወርዳ እንደወጣች አስቡት። ከዚያም በቁጥር 25 ላይ በአባቷ ቤት ገለባና ገፈራ እንዳለ፣ የማደሪያ ስፍራም እንዳለ ነገረችው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለችው በዚያች ቤት እንግዳ መቀበል የእንግዳውን ከብት መቀበልንም ይጨምር ነበር፤ የተስፋው ዘርም በዚች ልጅ በኩል አለፈ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ባልዲ ለፈረሱ ይሁን። ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ በሙቀትና በግልቢያ ደግሞ ይጨምራል። ከሜዳው ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ንጹሕ ውኃ በበርሜል ቀድሞ ይቀመጥለት። መኖውም ንጹሕ ድርቆሽ ይሁን። ልጆች በፍቅር ብለው ዳቦ፣ ከረሜላ፣ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ወደ ፈረሱ አፍ ሲያደርሱ አይታችኋል። ፈረስ የበላውን ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ነው፤ ያልለመደውን እህል አብዝቶ ከበላ በሆድ ቁርጠት ይሞታል ወይም ሰኮናው ይታመማል። የማሽላ ቡቃያማ ጨርሶ አይሰጠው፤ በተለይ ዝናብ አጥሮት የጠወለገ ቡቃያ መርዝ እንዳለው ከብት አርቢዎቻችን ያውቃሉ። ልጆቹን ከፈረሱ አታርቋቸው፤ ሣር በመዳፋቸው አድርገው እንዲያበሉት አስተምሯቸው።

ወደ ሰው ማዕድ ስንመለስ የምሰማው ተቃውሞ አለ። እንግዳን በቆሎና በበሶ መሸኘት ነውር አይደለም ወይ ይባላል። ፈረሱን ሸልሞ፣ ግላሱን አልብሶ የመጣን ሰው እንዴት እፍኝ ቆሎ ይሰጡታል? ጭንቀቱ ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሲቀበል ጥጃ ማረዱ እውነት ነው፤ ሥጋን የሚነቅፍ ትምህርት ከዚያ ምዕራፍ አይወጣም። ነገር ግን አስቀድሞ ያቀረበላቸው የእግር ውኃ፣ የዛፍ ጥላና ቁራሽ እንጀራ ነው። የምሳውን ግብዣ ቤታችሁ አድርጉት። እኔ የምናገረው በሜዳው ላይ በግልቢያ መካከል ስለሚቀመሰው ነው። በ40 ዲግሪ አካባቢ በሚያጋይ ፀሐይ ጥብስና ቅቤ የበዛበት ምግብ ክፍት ሆኖ ሰዓታት ሲቆይ በሽታ ይሆናል። ያን ጊዜ ነውሩ በእውነት ይመጣል።

ስለ ገብስ ደግሞ ይህን አስተውሉ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 4፥28 የሰሎሞን ሹማምንት ለፈረሶቹ ገብስና ጭድ ያመጡ ነበር ተብሎ ተጽፏል። በዮሐንስ ወንጌል 6፥9 ደግሞ ጌታችን አምስት ሺህ ሰው የመገበው ከአንድ ብላቴና ስንቅ በተወሰደ አምስት የገብስ እንጀራ ነው። የንጉሥ ፈረስ የሚበላውንና ድሀ ልጅ የሚሰንቀውን እህል ጌታ በእጁ ይዞ አመሰገነበት፣ ባረከውም። እንግዲህ በፈረሰኞች ጉባኤ ገብስ ማቅረብን ማን ነውር ሊለው ይችላል?

አሁን እጃችንን ወደ ሥራው እናስገባ። ለገንዳ ውሃ የሚስማማው የበሶና የሰሊጥ ጭብጦ ነው፤ ገብሱ ከደጋ ይወርዳል፣ ሰሊጡ ከደጃችን ይገኛል፤ ሁለቱ በጎንደርና በመተማ መንገድ ይገናኛሉ። ገብሱ ተፈትጎ፣ ገለባው ተነፍቶ፣ በደንብ ታምሶ ይፈጫል። ሰሊጡ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከእርሻ ሲመጣ ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ በነፊያ ብቻ አይወጣም። ሰፊ ገበቴ ውኃ ሙሉና ሰሊጡን ጨምራችሁ በእጅ አማስሉት። ሰሊጡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አሸዋው ይዘቅጣል። የተንሳፈፈውን በወንፊት እየጨለፋችሁ ወደ ሌላ ንጹሕ ውኃ ውሰዱት፤ ከገበቴው ሥር አሸዋ እስኪጠፋ ድረስ ድገሙት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በስሱ አስጡት። ሲቆላ እሳቱ ለስላሳ ይሁን፤ መንጣጣት ሲጀምርና መልኩ ወደ ቀይ ዳማ ሲያዘነብል ሳትዘገዩ ከምጣዱ ላይ አውጡት። እሳቱን አጥፍታችሁ ምጣዱ ላይ ከተዋችሁት የሸክላው ግለት ብቻውን ያሳርረዋል። ሞቅ እንዳለ በሙቀጫ ስትወቅጡት ዘይቱ ይወጣና እርስ በርሱ ይያያዛል። በሶውን፣ ማሩንና ጥቂት ጨው ጨምራችሁ ለውሱት፤ በአንድ ጉርሻ መጠን ጨብጡት። ቅቤ አይነካውም፤ ስለዚህ ጾመኛውም ይበላዋል። ሰሊጥ በቆላ ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት በዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ቢዘጋጅ መልካም ነው።

ከእርሱ ጎን ማሽላ አለ። የጉሙዝ ወንድሞቻችንም ሆኑ ከደጋ የወረድነው ሁሉ በዚህ ምድር የምንኖረው በማሽላ ነው። ደረቁ ማሽላ በጋለ ምጣድ ላይ ይፈነዳል፤ ጨው ነስነስ ይደረግበትና ለልጆች ይታደላል። በዓሉ በጥቅምትና በኅዳር ከሆነ እሸቱም ጥንቅሹም አለ።

ስለ ኦቾሎኒ ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። እርጥበት ባለበት የተከማቸ ኦቾሎኒ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ መቁላትም ፈጽሞ አያጠፋውም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን ፍሬ አንድ በአንድ ልቀሙና ጣሉት። ለዶሮም አትስጡት። የተጣለው ፍሬ እንደ ብክነት አይቆጠርባችሁም። ለሕፃናት ደግሞ ሙሉውን ፍሬ አትስጡ፤ ሊያንቃቸው ይችላል።

ወደ ሰሊጡ ልመለስ፤ ስለ እርሱ የሚባለው አላለቀም። መተማና ቋራ ሰሊጥ የሚያጭደው ማን ነው? በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም፤ ዘለላው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ይወድቃል። ሠራተኛው በዚያ ጥድፊያ በፀሐይ እያጨደ፣ ሌሊት በዳስ እያደረ፣ ወባና ካላዛር እየተጋፈጠ ይሠራል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥13 ደግሞ የሙያተኛው ዋጋ እስከ ነገ ድረስ እንዳያድር አዘዘ። በማር የተለወሰ፣ በጸሎት የተባረከ ጭብጦ ቢሆን እንኳ የአጫጁ ሒሳብ ካልተዘጋ ንጹሕ ምግብ ብዬ ልጠራው አልደፍርም። የእርሻ ባለቤቶች ሆይ፣ ለበዓሉ ሰሊጥ ከመለገሳችሁ በፊት መዝገባችሁን ክፈቱ።

ዛፉም እንዲሁ ነው። የመተማና የቋራ ደን የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት ነው። በቅዳሴ የሚያርገው ዕጣን ከዚህ ዛፍ ቆዳ የሚደማ ነው። ዛሬ ግን ከልክ በላይ እየተፋቀ፣ በሰደድ እሳት እየተቃጠለ፣ ለእርሻ እየተመነጠረ ነው፤ ያረጁት ዛፎች ቆመው ቢታዩም ተተኪ ችግኝ ወደ ዛፍነት እየደረሰ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም 20፥19 ከተማ ከበው በሚዋጉበት ሰዓት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ በመጥረቢያ እንዳይቆርጡ ይከለክላል። ለጦርነት ያልተፈቀደ ለድግስ እንዴት ይፈቀዳል? የበሶና የቆሎ ሌላው በረከታቸው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ምጣድ ይሞቃል፣ ከዚያ ወዲያ እሳት የለም። ለእርሱም የማሽላ አገዳ ይበቃል።

መጠጡን በአጭሩ እናገራለሁ። ለሜዳው ብርዝ፣ ከርከዴና ውኃ ይበቃሉ። ውኃው የፈላ ወይም የታከመ ይሁን፤ በቆላ ተቅማጥ ስንት ሰው እንደሚጥል የጤና ባለሙያዎች ነግረውናል። ብርዙ በተዘጋጀበት ቀን ይጠጣ፤ ሲያድር መፍላት ይጀምራል። ጠላና ጠጅ ግን ፈረስ ለሚጋልብ ሰው ግልቢያው እስኪያበቃ አይሰጥ። ጋላቢን ጠጣ ብሎ የሚያስጨንቅ አስተናጋጅ ከፈረሱ ለሚወድቀው ሰው፣ ለሚረገጠው ሕፃንም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች 5፥18 ስካርን የከለከለው ብክነት ስላለበት ነው፤ እዚህ የሚባክነው ደግሞ ነፍስ ነው።

ቀን መቁጠርንም አትርሱ። ጥምቀት ጥር 11 ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም አይጾምም፤ ስለ እርሱ ጥር 10 ገሃድ ይጾማልና። ጥር 23 ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ጾም ነው። ጾመ ነነዌም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል በአንዳንድ ዓመት በዚያው ሰሞን ይገባል። ካህናቱን ሳትጠይቁ ድግስ አትቁረጡ። በጾም ቀን ከሆነ ሰዓቱ ሳይደርስ ምግብ አይታደል።

የጾም ምግብ ለዚህ ከተማ ሌላም ትልቅ ነገር ያደርጋል። ገንዳ ውሃ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን የሚኖርባት ናት። በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ሥጋ ባለበት ድግስ ሙስሊም ጎረቤታችን ዳር ይቀመጣል ወይም ለብቻው ይታረድለታል። በቆሎው፣ በሰሊጡ፣ በማሩ፣ በውኃው ግን ሁላችንም እጃችንን ወደ አንድ ሰፌድ እንዘረጋለን። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ድንበር የተሻገሩ ብዙ ስደተኞች በመካከላችን አሉ። ዐፄ ዮሐንስ በቆሰሉበት ድንበር ዛሬ የዚያኛው ወገን ልጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ከ14፥12 ጀምሮ፣ ግብዣ ስታደርግ መልሰው የሚጋብዙህን አትጥራ፣ ብድር መክፈል የማይችሉትን ጥራ ብሎ አስተማረ። ሰሊጥ ለሱዳናዊቷ እናት እንግዳ አይደለም፤ ከርከዴም እንደዚያው። ልጇን ይዛ ከሜዳው ጫፍ ቆማ ካያችኋት ሰፌዱን ይዛችሁ ወደ እርሷ ሂዱ፤ እስክትመጣ አትጠብቁ።

ዕቃውን በተመለከተ ስፌት፣ ሰፌድ፣ ቅል፣ ዋንጫና ኩባያ ከየቤቱ ይሰብሰብ፤ ባለቤቱ እንዲታወቅ ምልክት ይደረግበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል፤ እኛ ግን ከአዋጁ በፊትም በቂ ምክንያት ነበረን። ጨውና ስኳር የነካው ፌስታል ሜዳ ላይ ሲቀር ከብቱ ይውጠዋል፤ አንጀቱንም ይዘጋበታል። ጌታ አምስት ሺውን ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ተአምር መሥራት የሚችል አምላክ ትርፍራፊ አንሡ ካለ እኛ ሜዳውን አቆሽሸን የምንሄድበት ምክንያት የለንም። የተረፈው ጭብጦ በማግስቱ ለታመሙና ለእስረኞች ይሂድ፤ የወደቀውን ዶሮ ይልቀመው።

በመጨረሻ ስለ ሠሪዎቹ ልናገር። በበዓል ቀን ታቦት ሲያልፍ ከጭስ ቤት በር ቆመው እልል ብለው የሚመለሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ማርታ በአገልግሎት ብዛት ባከነች ሲባል ስንሰማ ማርታን እንወቅሳለን እንጂ ሥራውን ማን ይካፈላት ብለን አንጠይቅም። ከላይ የዘረዘርኩት ምግብ በሙሉ አስቀድሞ የሚሰናዳ ነው፤ በሶው በሳምንቱ ይፈጫል፣ ጭብጦው በዋዜማው ዋዜማ ይጨበጣል። በዕለቱ እናትም ልጅም ነጠላቸውን ለብሰው ታቦቱን አጅበው ይውላሉ። ሜዳ ላይ ማደሉንም አባወራዎች ይያዙት። አብርሃም መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ሳለ ወደ ከብቶቹ የሮጠው ራሱ ነው፤ እንግዶቹ ሲበሉም ከዛፉ በታች ቆሞ ያስተናግዳቸው ነበር። አንዱ ጀሪካኑን ይዞ ያስታጥብ፣ ሁለተኛው ሰፌዱን ያዙር፣ ሦስተኛው የፈረሶቹን በርሜል ይሙላ። ሥራው በስም ተከፋፍሎ ካህኑ ባሉበት ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ይነገር፤ ቅዳሴ ሲወጣ የሚቀሩ አባወራዎች ስማቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ያስመዝግቡ።